ዌብሳይት ከመሥራታችን በፊት ተማሪውን እንጠይቅ

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ይፋ ሲሆን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ሰማን። ያኔ በውጭ የምንኖር ብዙዎቻችን «አንድ ነገር እናድርግ» ማለታችን አይዘነጋም። እኔም አገር ቤት ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ነኝና የትምህርት ዌብሳይት ልሥራ ብዬ ተነሳሁ። ሁለት ወር ሙሉ ከሥራ ስገባ ማታ ማታ ለፋሁበት። ሲያልቅ ያምር ነበር፤ የሚንቀሳቀስ ሥዕል፣ ረዘም ረዘም ያለ ቪዲዮ፣ ምኑ ቅጡ!

ሊንኩን ለእህቴ ልጅ ላኩለት። ከሳምንት በኋላ ደውዬ «እንዴት አገኘኸው?» ስለው ትንሽ አመነታና «ጋሼ፣ የመጀመሪያውን ቪዲዮ ሳልጨርስ ፓኬጁ አለቀ» አለኝ።

ጥፋቱ የኔ ነው። ያቀድኩት እኔ ጠረጴዛ ላይ ካለው ላፕቶፕና ከማያልቀው ኢንተርኔት ተነስቼ ነው። ልጁ የሚያጠናው ግን በእናቱ ስልክ፣ ያውም እሷ ከሥራ ከገባች በኋላ ነው። የአሥር ደቂቃ ቪዲዮ እንደ ጥራቱ ከ50 ሜጋባይት በላይ ሊፈጅ ይችላል። አንድ የአማርኛ ፊደል ደግሞ የሚይዘው ሦስት ባይት ነው። 10,000 ፊደል ያለው ምዕራፍ 30 ኪሎባይት ገደማ ይሆናል ማለት ነው፤ በስልክ ከተነሳ አንድ ፎቶ እንኳ በጣም ያንሳል። ስለዚህ ቪዲዮዎቹን አውጥቼ በጽሑፍና በቀላል ሥዕል ተካኋቸው። ምዕራፉን አንዴ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት እንዲያነበውም አደረግኩ። (በነገራችን ላይ፣ ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ ፎንት የተተየበ ማስታወሻ ያላችሁ መምህራን እንዳለ አትለጥፉት፤ ተማሪው ስልክ ላይ የሚወጣው ዝባዝንኬ ነው። እኔ ሠላሳ ገጽ እንደ አዲስ ተይቤያለሁ።)

ይሄ እንኳን ቀላሉ ነው። ዌብሳይት ማሳመር ፕሮግራመር ከኛ በተሻለ ያውቅበታል። እሱ የማያውቀው ተማሪው የት ላይ እንደሚሳሳት ነው። ድንጋይ ሽቅብ ወርውሩና የመጨረሻው ከፍታ ላይ ሲደርስ አክሰለሬሽኑ ስንት እንደሆነ ክፍል ውስጥ ጠይቁ። ብዙው ተማሪ «ዜሮ» ይላል። ለምን? እዚያች ቅጽበት ላይ ፍጥነቱ ዜሮ ነዋ! የመጀመሪያው ዌብሳይቴ ይህንን መልስ ለሚነካ ተማሪ የሚለው «ተሳስተሃል» ብቻ ነበር፤ ቀይ ምልክትም ነበረው። አሁን ግን «አክሰለሬሽኑም ዜሮ ቢሆን ድንጋዩ ምን ይሆን ነበር?» ብሎ ይጠይቀዋል። ልጁ ትንሽ ሲያስብ ድንጋዩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሊቀር እንደነበር ይገባዋል። ከዚያ ወዲያ የመሬት ስበት እዚያም ላይ በሴኮንድ ካሬ 9.8 ሜትር ወደ ታች እየጎተተው መሆኑን ማስረዳት አይከብድም። ስለዚህ አሁን አንድ ምዕራፍ ሳቅድ መጀመሪያ የምጽፈው የተሳሳቱትን መልሶች ነው።

ቋንቋውም አስቸግሮኝ ነበር። መጀመሪያ ሁሉንም አማርኛ ላድርገው ብዬ «ፍጥንጥነት» ብዬ ጻፍኩ። የእህቴ ልጅ ግን ቃሉን ሰምቶት አያውቅም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የሚማረውም የሚፈተነውም በእንግሊዝኛ ነው። አሁን ማብራሪያውን በአማርኛ እጽፋለሁ፤ ስያሜውን ፈተናው ላይ በሚያገኘው ቃል እተወዋለሁ። ይህን የሚቃወሙ ወዳጆች አሉኝ፤ ቁጭታቸው ይገባኛል። ግን ልጁ የሚፈተነው ዘንድሮ ነው።

እስካሁን ያለኝ ሦስት ምዕራፍ ነው። ሃያ ምዕራፍ ጀምሮ ከሚተው፣ ሦስት ጨርሶ ስህተቱን ማረም ይሻላል ብዬ ነው። እናንተም ባዮሎጂ ወይም ሒሳብ ያስተማራችሁ ካላችሁ፣ ዶሜይን ከመግዛታችሁ በፊት አንዷን ትምህርት በወረቀት ጽፋችሁ፣ ፎቶ አንስታችሁ፣ አገር ቤት ላለ አንድ ተማሪ በቴሌግራም ላኩለት። ከዚያ ደውሉና የቱ ጋ እንደተደናገረ ጠይቁት።