«ባ» ሲገለበጥ «ቦ» ይሆናል

ወረቀቱ ከእንጨቱ ላይ ቀስ ብሎ ይነሣል። ተማሪዋ ጥጉን በሁለት ጣቷ ይዛ ስትስበው፣ ያልደረቀው ጥቁር ቀለም እንደ መላቀቅ ያለ ድምፅ ያሰማል። ስንት ቀን በመሮ ስትፈለፍለው የከረመችው «ባሕር» የሚለው ቃል ወረቀቱ ላይ ወጥቷል፤ ግን ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው። ከሁሉ የሚያስደነግጠው ደግሞ «ባ» የነበረው ፊደል «ቦ» ሆኖ መገኘቱ ነው። የ«ባ» ረጅም እግር በቀኝ፣ የ«ቦ» በግራ ነው። እንጨት ላይ የተቀረጸ ሁሉ ሲታተም እንደ መስተዋት ስለሚገለበጥ አንዱ ፊደል ሌላውን ይሆናል። «ሳ»ም እንዲሁ «ሶ» ሆኖ ይወጣል። «ሀ» እና «በ» ግን ቢገለበጡም ያው ራሳቸው ናቸው።

ይህች ተማሪ አንዲት የታወቀች ሰው አይደለችም፤ የእንጨት ሕትመት በሚሰጥበት በየትኛውም የሥነ ጥበብ ክፍል ልትገኝ የምትችል ጀማሪ ናት። ስሕተቷም የጀማሪ ሁሉ ስሕተት ነው። ቁም ነገሩ ከዚያ ቀጥሎ የምታደርገው ነው። እጇን ታጥባ ደብተሯን ታወጣና ምን እንደሆነ ትጽፋለች፦ ምን ልሠራ አስቤ ነበር? እንጨቱ ምን አልፈቀደልኝም? የት ላይ ነው ሐሳቤን የቀየርኩት?

ብዙ መምህራን ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ ተማሪው እንዲህ እንዲጽፍ ወይም ሥራውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ከጓደኞቹ ጋር እንዲነጋገርበት ያደርጋሉ። ለተመልካች የተጨማሪ ሥራ ጣጣ ይመስላል። ነገር ግን ያለ እሱ አምስት ዓይነት ቁሳቁስ የሞከረ ተማሪ በእጁ የሚቀሩት አምስት ዕቃዎች ብቻ ናቸው። ደብተሩ ያለው ተማሪ ግን አንዱ ቁሳቁስ ያስተማረውን ይዞ ወደ ሌላው ይሻገራል።

ከሰልን እንውሰድ። ለሥዕል የሚሆነው ከሰል ከቀጫጭን የዛፍ ቅርንጫፍ ተከስሎ የሚሠራ፣ በጣት ሲነካ የሚረግፍ ነገር ነው። በእርሳስ የለመደ ልጅ መስመር ፍለጋ ይጀምራል፤ ከሰሉ ግን መስመር አይወድም። በመዳፍ ሲታሽ ጥላ ይሆናል፣ በላጲስ ሲነሣ ብርሃን ይወጣል። ስለዚህ በከሰል ፊት የሚሥል ተማሪ አፍንጫን እንደ መስመር ማየት ትቶ እንደ ጥላ ማየት ይጀምራል። በአንድ ከሰዓት ብዙ ሥሎ ብዙ ማጥፋት ይቻላል፤ የጀማሪ ፍርሃት የሚለቀውም በዚሁ ነው። የውሃ ቀለም ተቃራኒው ነው፤ ነጩ ወረቀቱ ራሱ ስለሆነ አንዴ የጨለመ ቦታ እንደገና አይበራም ማለት ይቻላል።

የዘይት ቀለም ደግሞ ትዕግሥት ይጠይቃል። አሠራሩ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቅርብ ነው፤ ቀለሙን አቡክቶ የሚይዘው በአብዛኛው የተልባ ዘይት ነውና። ይኸው በጾም ወራት ተቆልቶ ተወቅጦ የሚጠጣው ተልባ፣ ዘይቱ ሲጨመቅ ሸራ ላይ ይውላል። ዘይቱ እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ ይጠነክራል። ለዚህ ነው ላዩ ለመድረቅ እንኳ ቀናት የሚፈጀው። ከሥር ያለው ንብርብር ቀጠን ያለ፣ ከላይ ያለው ዘይት የበዛበት መሆን አለበት፤ ይህ ሲዛባ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ውሎ አድሮ ሥዕሉ ይሰነጠቃል። ትላንት ባጠፋ ኖሮ ብሎ የሚቆጭ ተማሪ በዘይት ቀለም ዛሬም ማረም ይችላል።

በአገራችን ይህን ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ያመጣው ሰው አለ ፈለገ ሰላም ነው። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ከነበሩበት ቤተሰብ ተወልዶ፣ አሜሪካ ቺካጎ ተምሮ ተመለሰና በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን አቋቋመ። ትምህርት ቤቱ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኖ በስሙ ይጠራል። ከዚያ በፊት ሥዕል የሚማር ልጅ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ፣ ቀለም እየበጠበጠ፣ የመምህሩን ሥዕል እየደጋገመ ነበር የሚማረው። ያ ሥርዓት ለዘመናት የቆየ ድንቅ ጥበብ አቆይቶልናል። «አንተስ ምን ታያለህ?» የሚለው ጥያቄ ግን በዘመናዊው ክፍል ውስጥ የጎላ ቦታ አገኘ።

በእነዚያ ዓመታት ወደ ትምህርት ቤቱ ከመጡት የውጭ መምህራን አንዱ ሐንሰን ባሂያ በሚል ስም የሚታወቀው ጀርመናዊው የእንጨት ሕትመት ባለሙያ ነበር። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያንም ከፓሪስ ተመልሶ እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1969 አስተማረ። እስክንድር በሸራ ብቻ አልተወሰነም፤ በብራናና ከዛፍ ልጥ በተሠራ ጨርቅ ላይም ሥሏል። የዚያው ትምህርት ቤት ፍሬ የሆነው ዘሪሁን የትምጌታ የቀርከሃ ስንጣሪዎችን ጎን ለጎን ደርድሮ በላያቸው ላይ በመሣል ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1992 በዳካር ቢዬናሌ ተሸልሟል። ሥዕሉን ከቀርከሃው ነጥሎ ማሰብ አይቻልም፤ በስንጣሪዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ራሱ ሥዕሉን እንደ ጥበብ ጥለት ይከፋፍለዋል።

ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ ያጋጠመው ፈተና ደግሞ ሌላ ነው። አዲስ አበባ በሚገኘው የአፍሪካ አዳራሽ ያሉት የመስታወት ሥዕሎቹ 150 ካሬ ሜትር ገደማ ይሸፍናሉ። በሸራ ላይ ብርሃን የሚሠራው ሠዓሊው ነው፤ በመስታወት ላይ ግን ብርሃኑ ከኋላ ይመጣል፣ ጧትና ማታም ይለያያል። አዳራሹ ውስጥ ከረፋድ እስከ ምሽት የቆየ ሰው አንዱን ሥዕል ደጋግሞ በተለያየ መልክ ያየዋል። የሥነ ጥበብ ተማሪዎችን እዚያ ወስዶ ዝም ብሎ ማስቀመጥ ብቻውን አንድ ትምህርት ነው።

ወደ ተማሪዋ እንመለስ፤ አሁን ጭቃ ላይ ናት። ይህ ክፍል ከሁሉም በላይ ልብ የሚነካ ነው። ሸክላ የሚሠራ እጅ በአገራችን ለረጅም ዘመን የተናቀ እጅ ነበር፤ እንጀራችንን በምጣዷ ጋግረን፣ ቡናችንን በጀበናዋ አፍልተን፣ ሠሪዋን ግን «ቡዳ» ብለን አርቀናታል። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ጭቃ የምትለውስ ተማሪ እነዚያ እናቶች ያለ ወረቀትና ያለ ቴርሞሜትር የሚያውቁትን ነገር ነው ከፊደል የምትጀምረው።

የመጀመሪያው ማሰሮዋ እቶን ውስጥ ፈነዳ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ጭቃው ወፍራም ነበር፣ ከውስጥ በደንብ ሳይደርቅ እሳት ገባ፣ በውስጡ የቀረው ውሃም እንፋሎት ሆኖ መውጫ ሲያጣ ግድግዳውን ሰበረው። ደብተሯ ላይ «ላዩ ደርቆ ነበር፤ እኔም ደርቋል ብዬ አመንኩ» ብላ ጻፈች። ከታች ደግሞ በትናንሽ ፊደል፣ የዘይት ቀለሙም ላይ ይኸው እንደገጠማት አሰፈረች፦ ላዩ ደርቆ ሥሩ አልደረቀም ነበር። ሁለት ፈጽሞ የማይገናኙ ቁሳቁሶች በአንድ ገጽ ላይ ተገናኙ።

የተጣለ ነገርም ቁሳቁስ ነው። የሥነ ጥበብ ባለሙያው ኤልያስ ስሜ እ.ኤ.አ. በ1990 ከአለ ፈለገ ሰላም ትምህርት ቤት ከተመረቀ በኋላ በልብስ ቁልፍና በክር፣ ኋላም ከመርካቶ በተገዙ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችና በተጣሉ የኮምፒዩተር ክፍሎች ሠርቷል። ከቅርብ ሲታይ የተጎነጎነ ሽቦ ነው፤ ራቅ ሲሉ ከአውሮፕላን የሚታይ ማሳ ይመስላል። ከዐውደ ርእይ አዘጋጇ መስከረም አሰግድ ጋር ያቋቋመው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተው ዞማ ሙዚየም ደግሞ ግድግዳው በጭቃና በጭድ የተሠራ ነው። የአገር ቤት ጎጆ የሚቆምበት ያው ጭቃ እዚያ ተጠፍጥፎ፣ ተቀርጾ፣ ጥለት ወጥቶበት ይታያል።

ተማሪዋ የፈነዳውን ማሰሮ ስብርባሪ አልጣለችም። ሸክላ ሠሪዎች አሮጌ ገል አድቅቀው አዲሱ ጭቃ ውስጥ እንደሚደባልቁት ሰምታለች፤ የደቀቀው ገል ጭቃውን ስለሚያላላው ውሃው በቀላሉ መውጫ ያገኛል። ስብርባሪውን በሙቀጫ ወቀጠችው፣ በወንፊት ነፋችው፣ በእርጥቡ ጭቃ ላይም በተነችው። አሁን እስከ ክርኗ ድረስ ጭቃ ሆና፣ ሁለቱን አንድ ላይ እያሸች ነው።