አርሚ ለመግባት ሲታሰብ፦ ውሉ ላይ የሚጻፈው ሥራ

ዋሽንግተን ዙሪያ፣ ሚኒሶታ ወይም ዳላስ ባለ አበሻ ቤት «ልጁ አርሚ ሊገባ ነው» ሲባል ክርክሩ በየት በየት እንደሚሄድ ይታወቃል። እናት ጦርነቱን ታስባለች። አጎት ስለ ሲቲዝንሺፕ፣ ስለ ነጻ ትምህርትና ያለ ቅድመ ክፍያ ስለሚገዛ ቤት ያወራል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ልጁ ከአራት ዓመት በኋላ ከወታደር ቤት ምን ይዞ እንደሚወጣ በአብዛኛው የሚወስነው ግን ሁለቱም ያላነሱት ጉዳይ ነው፤ በፈረመበት ቀን ውሉ ላይ የተጻፈለት የሥራ ዘርፍ።

በአሜሪካ ጦር ውስጥ ጠመንጃ ይዞ የሚውለው ሰው ጥቂት ነው። መካኒኩ፣ ኮምፒውተር የሚጠግነው፣ የጥርስ ሐኪም ረዳቱ፣ ሹፌሩ፣ ምግብ አብሳዩ ይበዛል። ለማን የትኛው እንደሚደርስ የሚለዩት በዋናነት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አስቫብ የሚባለው የመግቢያ ፈተናና ዜግነት።

ፈተናውን ብዙ ሰው እንደ በር ብቻ ያየዋል። ሪክሩተሩ፣ ማለትም የጦሩ መልማይ፣ «31 ካመጣህ ትገባለህ» ይለዋል፤ ለአርሚ ተለምዶ የቆየው ነጥብም ይኸው ነው። ሆኖም ከዚያው ፈተና የሚወጡ ሌሎች ነጥቦች አሉ፤ የሚመረጠውን የሥራ ዝርዝር የሚያሰፉትም የሚያጠቡትም እነሱ ናቸው። ስሌቱ ደግሞ ለእኛ ሰው አይመችም። የመግቢያው ነጥብ የሚወጣው ከሁለት የሂሳብ ክፍሎችና ከእንግሊዝኛ ቃላትና ንባብ ሲሆን፣ የቋንቋው ውጤት በእጥፍ ይታሰባል። አገር ቤት ኢንጂነሪንግ ጨርሶ በዲቪ የመጣ ሰው ሂሳቡን እንደ ዋዛ ይጨርሰውና ቃላቱ ላይ ይወድቃል። ያው ሰው ከዓመት በኋላ፣ ቋንቋው ሲገባው ቢፈተን፣ የሚቀርብለት ዝርዝር ሌላ ይሆን ነበር። ድጋሚ መፈተን ይፈቀዳል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ድግግሞሾች የወር የወር ልዩነት፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ስድስት ወር ይጠይቃሉ። ነገር ግን ኪራይ የሚከፍል፣ ለቤተሰብ ብር የሚልክ ሰው አንድ ወርም ይረዝምበታል። በየወሩ የሚሞላው ኮታ ያለበት ሪክሩተርም «ቆይ፣ ትንሽ አጥናና ተመለስ» ለማለት ብዙ ምክንያት የለውም።

ሁለተኛው፣ ዜግነቱ፣ ይበልጥ የተወሳሰበ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መቀጠር ይችላል። ክሊራንስ፣ ማለትም የምሥጢር ፈቃድ፣ የሚጠይቁ ሥራዎች ግን ለዜጋ ብቻ የተተዉ ናቸው፤ መኮንንነትም እንደዚያው። ስለዚህ የመረጃ ሥራው፣ የኮምፒውተርና የኔትወርክ ሥራው ገና ከመነሻው ከዝርዝሩ ይወጣል። ዜግነት ፍለጋ የሚገባው ሰው፣ ዜጋ ባለመሆኑ፣ ወደ ሲቪል ሕይወት ሲመለስ ደህና ደሞዝ የሚያስገኙለትን ሥራዎች ያጣል ማለት ነው። ከመስከረም 11 ቀን 2001 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለው ጊዜ በሕግ የጦርነት ወቅት ተብሎ ስለሚቆጠር፣ የሲቲዝንሺፕ ማመልከቻው ተራው ሰው የሚጠብቀውን አምስት ዓመት አይጠብቅም። የሥራ ዘርፉ ግን ብዙውን ጊዜ ድጋሚ እስኪፈረም ድረስ አይለወጥም። ዜግነቱም ቢሆን ገመድ አለው፤ አምስት ዓመት በክብር ሳያገለግል በመጥፎ ስንብት የወጣ ሰው ሊነጠቅ ይችላል። (አሁንም «አማርኛ ስለምትችል ግሪን ካርድ ባይኖርህም ይወስዱሃል» የሚል ምክር ይሰማል። ማቭኒ የሚባለው ፕሮግራም ይህን ያደርግ ነበር፤ ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ግን አዲስ ሰው አይቀበልም።)

ልዩነቱ የሚታየው ከወጡ በኋላ ነው። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ከመንግሥት ጋር ውል ያላቸው ድርጅቶች ክሊራንስ ያለውን ሰው ይሻሙታል። አራት ዓመት የጦር ሰፈር ወጥ ቤት የሠራው ግን ሲወጣ የሚጠብቀው የሆቴል ወጥ ቤት ወይም ፓርኪንግ ነው፤ ሳይገባም ያገኘው የነበረ ሥራ። ያለ ክሊራንስ የሚገኘው ሥራ ሁሉ ባዶ እጅ ይመልሳል ማለቴ አይደለም። ከባድ መኪና የነዳ ወታደር ሲዲኤል የሚባለውን የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ የመንዳት ፈተናው ሊቀርለት ይችላል፤ የአርሚ የሕክምና ባለሙያ ደግሞ በሥልጠናው ላይ ሳለ የድንገተኛ ሕክምና የምስክር ወረቀት ያገኛል። ሰው ሲመርጥ መጠየቅ ያለበት ይህንኑ ይመስለኛል፦ ይህ ሥራ ውጭ ያለ ቀጣሪ የሚያውቀው ወረቀት ያስይዘኛል ወይ? የሪክሩተሩ የአፍ ተስፋ ዋጋ የለውም። ውሉ ራሱ፣ በጽሑፍ ያልሰፈረ ቃል እንደማይከበር ይናገራል። የግዴታው ጠቅላላ ዘመን ስምንት ዓመት መሆኑም እዚያው ላይ ተጽፏል፤ አራቱን ጨርሶ የወጣ ሰው በቀሪዎቹ ዓመታት ሊጠራ ይችላል።

ጡረታው ከሚገባው በላይ ይወራለታል። ለእሱ ሃያ ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፤ ከሚገቡት መካከል እዚያ የሚደርሰው ከአምስት አንድ ገደማ ነው። ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የገባ ሰው ሃያውን ቢሞላ የሚያገኘው ከፍተኛ ደሞዝ ያገኘባቸው 36 ወራት አማካይ መሠረታዊ ደሞዝ 40 በመቶ ነው። ቀደም ብሎ ለሚወጣው መንግሥት የሚያዋጣለት የቁጠባ ሂሳብ አለ፤ ጥሩ ነው፣ በአራት ዓመት ግን ሀብት አይሆንም።

የተሳሳተ የሥራ ምርጫን ሊያርም የሚችለው ጂአይ ቢል የሚባለው የትምህርት ጥቅም ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በመደበኛነት ያገለገለ ሰው በሚኖርበት ስቴት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለ36 ወራት ይማራል፣ የቤት ኪራይ አበልም ይከፈለዋል። አራት ዓመት ወጥ ቤት የሠራውም በዚህ ነርስ ወይም አካውንታንት ሊሆን ይችላል። ግን ሥራዬን አልለቅም ብሎ በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ ሪዘርቭ ወይም ናሽናል ጋርድ የሚገባው ወገናችን ብዙ ጊዜ ያንኑ ሙሉ ጥቅም የሚያገኝ ይመስለዋል። የወሩ ልምምድ ብቻውን ለዚህ አይቆጠርም። ለልጄ አስተላልፈዋለሁ የሚልም ስድስት ዓመት አገልግሎ፣ ተጨማሪ አራት ዓመት ፈርሞ፣ ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ ማስተላለፍ አለበት። ከወጣ በኋላ የሚያስታውሰው አባት ዘግይቷል።

እንግዲህ ለ19 ዓመቱ ልጅ አንድ ሁለት ዓመት መቆየት፣ ቋንቋውን ማጠናከርና የሚቻል ከሆነ ዜጋ ሆኖ መግባት የሚያከስረው አይመስለኝም። 33 ዓመት ሞልቶት፣ ሁለት ልጅ ይዞ፣ የጤና ኢንሹራንስ ለሌለው ሰው ግን ይህን ምክር ለመስጠት አልደፍርም። በመደበኛነት የሚያገለግል ወታደር ቤተሰብ ያለ ወርኃዊ መዋጮ ይታከማል፤ ለእሱ ከየትኛውም የሥራ ዘርፍ ይህ ሊበልጥበት ይችላል።