ኩቤክ የምትኖሩ አባቶች፣ 5ቱን ሳምንት አታቃጥሉት!

የዛሬው ጽሑፍ ሞንትሪያልና በሌሎች የኩቤክ ከተሞች ሆናችሁ ልጅ ለምትጠብቁ ባለትዳሮች ነው። እዚያ ዘመድ ያላችሁም አድርሱላቸው።

ኩቤክ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሌላው ካናዳ የተለየ የራሷ የወላጆች መድን አላት። በመደበኛው አማራጭ እናት 18 ሳምንት፣ አባት ደግሞ 5 ሳምንት ከገቢያቸው 70 በመቶ እየተከፈላቸው እቤት ይሆናሉ (ጣሪያ አለው)። ከዚያ ውጪ ሁለቱ የሚካፈሉት 32 ሳምንት አለ፤ 7ቱ በ70፣ የቀረው 25 በ55 በመቶ። ጊዜው አጥሮ ክፍያው 75 በመቶ የሚሆንበት ሌላ አማራጭም አለ።

የአባት 5 ሳምንት ግን ለእናት አይተላለፍም። አባት ካልወሰደው ይቃጠላል!

"ወንድ ልጅ አራስ ቤት ምን ይሠራል?" የምትሉ አትጠፉም። አገር ቤት ቢሆን እሺ፤ እናት አለች፣ አክስት አለች፣ አጥሚቱን ይዛ የምትመጣ ጎረቤት አለች። ሞንትሪያል በጥር ብርድ ማን አለ? ወገቧ እንኳ ሳይጠና ሌሊት የሚያለቅስ ሕፃን ይዛ ብቻዋን ናት።

እንደ ሐኪም የሚያሳስበኝ ድካሙ ብቻ አይደለም። ከወሊድ በኋላ ያሉት ስድስት ሳምንታት አደገኛ ናቸው፤ አራሷ ራሷ "ድካም ነው" ብላ የምታልፈውን የሚያይላት ሰው ያስፈልጋል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሞዴስ የሚያረጥብ ደም፣ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ ዓይን የሚያደበዝዝ ከባድ ራስ ምታት፣ የአንድ እግር እብጠት፣ ትንፋሽ ማጠር... እነዚህ ለነገ አይባሉም። ሕፃኑ ጡት እምቢ ካለ ወይም ካተኮሰውም እንደዚሁ። ትንፋሽ ካጠራት ወይም ደሙ አልቆም ካለ 911 ደውሉ። ግራ ሲገባችሁ 811 ላይ ነርስ ታገኛላችሁ፣ በነፃ ነው።

ሌላው ስሜቷ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ ቢብሳት፣ ብታለቅስ የተለመደ ነው። ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ልጁ ከተኛም በኋላ እንቅልፍ እምቢ ካላት፣ "ባልወለድኩት" ማለት ከጀመረች ግን የድኅረ ወሊድ ድብርት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ጋር ውሰዳት። "ጸልዪ፣ ይለቅሻል" ብቻውን አይበቃም። ራሷን ወይም ልጁን ስለመጉዳት ካወራች በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

(በነገራችን ላይ በእኛ አገር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 እናት 120 ቀን፣ አባት 3 ቀን ነው ያላቸው። 3 ቀን! በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት በ3 ቀን ከሐኪም ቤት ላትወጣ ትችላለች።)

ታክሲ የምትነዱ፣ የግል ሥራ ያላችሁ "እኛን አይመለከትም" አትበሉ። የኩቤኩ መድን የግል ሠራተኛንም ያካትታል፤ ሌሎች መስፈርቶች እንዳሉ ሆነው፣ በሚታየው ጊዜ ውስጥ ቢያንስ 2,000 ዶላር መድን ያለው ገቢ ይጠይቃል። ክፍያው ግን ራሱ አይመጣም፣ ማመልከት አለባችሁ።

ስለ መዋያው አጭር ነገር ልበል። በ1997 በቀን 5 ዶላር የተጀመረው ድጎማ ያለው የሕፃናት ማቆያ አሁንም 10 ዶላር አይሞላም። ችግሩ ቦታ ነው፣ ወረፋው ረጅም ነው፤ ስለዚህ ገና እርጉዝ ሳለች ተመዝገቡ። ልጁ ሲገባ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጉንፋን መመላለሱ አይቀርም፣ አትደንግጡ። ክትባቱን ግን ከመግባቱ በፊት አሟሉለት።