የግቢ ሣር ተባዮችና የዕፅዋት መድኃኒቶች፦ ከመርጨት በፊት መለየት



ለምልሞ የቆየ የግቢ ሣር በድንገት ቢጫ ሆኖ ሲራቆት፣ አብዛኞቻችን የምንጠይቀው «ምን እንርጭበት?» ብለን ነው። መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን «የሚበላው ማን ነው? በየት በኩልስ ይበላዋል?» የሚለው ነው። ሣሩን ጨብጠን ስንስበው እንደ ምንጣፍ ተገፍፎ ከተነሣ፣ ሥሩን የጢንዚዛ እጭ ሳይበላው አልቀረም። ሥሩ ጽኑ ሆኖ ቅጠሉ ብቻ ከተቀረጠፈ ተምችን ወይም ቆራጭ ትልን እንጠርጥር። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በ4 ሊትር ውኃ በጥብጠን በ1 ካሬ ሜትር ሣር ላይ ብናፈስ፣ የተሸሸጉት ትሎች በ10 ደቂቃ ያህል ውስጥ ብቅ ይላሉ።

የመድኃኒቱን ምርጫ የሚወስነው ይህ ልዩነት ነው። በድሬዳዋና በሌሎች ቆላማ አካባቢዎች የሚበቅለው የኒም ዛፍ፣ በፍሬው ውስጥ አዛዲራክቲን የተባለ ውሑድ ይዟል። ውሑዱ ተባዩን ወዲያው አይገድልም፤ መብላት ያስተወዋል፣ ቆዳ የሚቀይርበትንም የሆርሞን ሥርዓት ያውካል። ስለዚህ ይበልጥ የሚሠራው ገና በማደግ ላይ ባለ ትል ላይ ነው። ተምች ከሚመገበው አብዛኛውን የሚበላው በመጨረሻው የእጭነት ደረጃው በመሆኑ፣ ጉዳቱ ጎልቶ እስኪታይ የጠበቀ ሰው ጊዜው አልፎበታል።

አዘገጃጀቱ ቀላል ነው፦ 50 ግራም የኒም ፍሬ አስኳል ወቅጦ በ1 ሊትር ውኃ ማሳደር፣ በጨርቅ ማጥለል፣ ከዚያም ሳይቆይ መርጨት። ውሑዱን የፀሐይ ብርሃን ስለሚሰባብረው የሚረጨው አመሻሽ ላይ ነው። ቅጠል ላይ የቀረ ርጭት ግን አፈር ውስጥ ያለውን የጢንዚዛ እጭ አያገኘውም።

«ከዕፅዋት የተገኘ ነውና አይጎዳም» የሚለው እምነትም መታረም አለበት። የአገራችን ዓሣ አጥማጆች የብርብራን ዘር ፈጭተው ውኃ ውስጥ በመጨመር ዓሣ ያደነዝዙበት ነበር። በዘሩ ውስጥ ያለው ሮቴኖን የሕዋሳትን የኃይል ምርት ይገታል። ከአበባ የሚገኘው ፓይረትረምም የነፍሳትን ነርቭ በፍጥነት ሲያውክ ተባይንና ንብን አይለይም፤ ዓሣንም ይጎዳል። ስለዚህ ሣሩ ውስጥ አበባ ባለበት ሰዓት፣ ወይም በወንዝና በኩሬ ዳር መርጨት አይገባም።

የእነዚህ መድኃኒቶች ጥቅማቸው ቶሎ መፈራረሳቸው ነው፤ ድክመታቸውም ያው ነው። ለረጅም ጊዜ ስለማይቆዩ፣ የተባዩን ዕድገት በየጊዜው የሚከታተል ዐይን ይፈልጋሉ። ይህን ክትትል በራሳችን ግቢ ሣር ላይ ልንጀምረው እንችላለን።