በመደርደሪያ ላይ የሚሞት ሸቀጥ

ሕያው ማዳበሪያ ለምዕራብ ሐረርጌ ነጋዴ ምን ይዟል?

የምዕራብ ሐረርጌ ነጋዴ ከሰዓት ጋር መሽቀዳደምን ከጫት ተምሯል። ከገለምሶና ከበዴሳ ማሳ የተቆረጠ ጫት ሳይጠወልግ ገበያ ካልደረሰ ዋጋው እንደሚወድቅ ለደላላውም ለሾፌሩም ነጋሪ አያሻቸውም። እንደ ጫት ሁሉ ቶሎ የሚበላሽ፣ መበላሸቱ ግን በዓይን የማይታይ ሌላ ሸቀጥ አለ። ስሙ ሕያው ማዳበሪያ ነው።

ለመሆኑ ሕያው ማዳበሪያ ምንድን ነው? በብዛት የሚሸጠው ራይዞቢየም የተባለ የአፈር ባክቴሪያ ነው። እንደ ቦሎቄ፣ ሽምብራና ባቄላ ባሉ ጥራጥሬዎች ሥር ገብቶ ትናንሽ እባጮች ይሠራል። በዚያ ሆኖ ከአየር ናይትሮጅን እየወሰደ ተክሉን ይመግባል። ነገሩ ለዓለም ገበያ አዲስ አይደለም። ሆላንዳዊው ሊቅ ቤየሪንክ ባክቴሪያውን ለይቶ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1888 ሲሆን፣ በ1896 ምርቱ የፈጠራ መብት ተሰጥቶት ለንግድ በቅቷል። በአገራችንም መናገሻ ባዮቴክ ኢንዱስትሪ የተባለው የግል ድርጅት ለየሰብሉ የተመረጠውን ባክቴሪያ እያሸገ ለገበያ አቅርቧል። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ሂርናን ጨምሮ በሐረርጌ ልዩ ልዩ ቦታዎች በቦሎቄ ላይ ሞክረውታል።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይይዛል፤ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ በጂቡቲ በኩል ይገባል። ለአንድ ሄክታር የሚበቃው ሕያው ማዳበሪያ ግን ግማሽ ኪሎ ያህል ነው። አንድ ኩንታል ዩሪያ በሚይዘው ክብደት ለ200 ሄክታር የሚሆን ፓኬት ይጫናል ማለት ነው። ከአዲስ አበባ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ለምትርቀው ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) የማጓጓዣ ሂሳብ ቀላል ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ ሸቀጡ የዩሪያ ምትክ ነው ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ደንበኛውን ያታልላል። ራይዞቢየም ለማሽላና ለበቆሎ አይሠራም። ለሽምብራ የተዘጋጀውም ለቦሎቄ አይሆንም። ቦሎቄ ራሱ ከጥራጥሬዎች መካከል ናይትሮጅን በመያዝ ደከም ያለ ነው። አፈሩ ፎስፈረስ ካነሰው ውጤቱ ይቀንሳል፤ ተስማሚ ባክቴሪያ ቀድሞ በብዛት ካለበትም ፓኬቱ የሚጨምረው ጥቂት ነው።

ትልቁ አደጋ ያለው ግን ሱቁ ውስጥ ነው። በፓኬቱ ውስጥ ያለው ነፍስ ያለው ነገር ነው። ፀሐይና ሙቀት ይገድለዋል። በሚኤሶ ቆላ፣ በቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ የከረመ ፓኬት መልኩ ሳይለወጥ ይሞታል። ጫት ሲጠወልግ ገዢው አይቶ ይመልሳል፤ የሞተ ባክቴሪያ የገዛ ገበሬ ግን የሚያውቀው ሰብሉ ካደገ በኋላ ነው። ያኔ ገንዘቡን ባይጠይቅም ተመልሶ አይመጣም፤ ጎረቤቱንም ያስቀራል። ስለዚህ ነጋዴው የማብቂያ ቀኑን አይቶ ይግዛ፣ ለአንድ የዘር ወቅት የሚበቃውን ብቻ ያምጣ፣ በቀዝቃዛና በጥላ ቦታ ያስቀምጥ። ገበሬውም ዘሩን በጥላ ሥር በስኳር ውሃ አርሶ ከባክቴሪያው ጋር እንዲያሽና ወዲያው እንዲዘራ፣ ከኬሚካል ማዳበሪያም ጋር እንዳይቀላቅል ይንገረው።

የአፈር ባክቴሪያ አርሴኒክ የተባለውን መርዝ ያጸዳል የሚባለውስ? መሠረት ያለው ነገር ነው። አንዳንድ ባክቴሪያዎች አደገኛውን የአርሴኒክ ዓይነት በአፈር ተይዞ ወደሚቀር ዓይነት ይለውጣሉ፤ አንዳንዶቹም በዚያው አፈር የተክሉን ሥር ያሳድጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ በአሜሪካ ፍሎሪዳ አርሴኒክን ከአፈር እየመጠጠ በቅጠሉ የሚያከማች የፈርን ተክል መኖሩ ታውቋል። ነገር ግን አርሴኒክ ንጥረ ነገር ስለሆነ ፈጽሞ አይጠፋም፤ መልኩንና ቦታውን ይለውጣል እንጂ። መርዙን የመጠጠውም ተክል ታጭዶ በጥንቃቄ መወገድ አለበት።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ በተመረመሩ አንዳንድ ጉድጓዶች አርሴኒክ የዓለም የጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 10 ማይክሮግራም በላይ ተገኝቷል። ጉድጓድ አስቆፍሮ በመስኖ ለማልማት ያሰበ ባለሀብት ከሁሉ በፊት ውሃውን በላቦራቶሪ ያስመርምር። ለቦሎቄ የተሠራውን ፓኬት «መርዝ ያጸዳል» ብሎ የሚያቀርብ ደላላ ካጋጠመው ግን ኪሱን ይጠብቅ።

የሸቀጡን እውነተኛነት ማሳው ላይ ማየት ይቻላል። ቦሎቄው ማበብ ሲጀምር ጥቂት ተክል ከነሥሩ በጥንቃቄ ነቅሎ እባጩን መሰንጠቅ ነው። ውስጡ ቀላ ያለ ከሆነ ባክቴሪያው ሥራ ላይ ነው። ነጋዴው በመጀመሪያው ዓመት ከጥቂት ደንበኞቹ ማሳ ወርዶ ይህን ቢያይ፣ በሚቀጥለው ዓመት ስንት ፓኬት ማዘዝ እንዳለበት ያውቃል።