ወጌሻ የማያሽረው የጉልበት ሕመም

ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ላሊበላም ሆነ ከእርሷ ሽቅብ ባሉት የላስታ ደጋዎች፣ ትንሽ ደልዳላ መሬት ከተገኘ ኳስ አለ። ሁለት ድንጋይ ጎል ይሆንና ጨዋታው ይጀመራል። የ12 ዓመቱ አጥቂ ጉልበቱ አብጦ እያነከሰ ቤቱ ቢገባ ማንም አይደነግጥም። «ኳስ ነው» ይባላል። ቅቤ ይሞቃል፣ ወጌሻ ይጠራል፣ ልጁ ይታሻል። ከቀናት በኋላ ጉልበቱ ሻል ሲለው ቁርጭምጭሚቱ ያብጣል፤ ከዚያ ክርኑ። አሁን ደግሞ «ቁርጥማት ነው፣ ብርድ ገብቶበት ነው» ይባላል። ሳምንታት አልፈው እብጠቱ ሲጠፋ ወጌሻው ይመሰገናል፣ ልጁም ወደ ሜዳ ይመለሳል።

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከመገጣጠሚያ ወደ መገጣጠሚያ የሚዘል እብጠት፣ በተለይ ትኩሳት ካለውና ልጁ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በፊት ጉሮሮውን አሞት ከነበረ፣ የኳስ ጉዳት ሳይሆን የሩማቲክ ትኩሳት ሊሆን ይችላል። ይህ ትኩሳት ጉልበትን ምንም ጠባሳ ሳይተው ይለቃል፤ ልብን ግን ላይለቅ ይችላል። ወጌሻው የተመሰገነው በራሱ ጊዜ ለሚሄድ ሕመም ነው።

ነገሩን ለኳስ አፍቃሪ ማስረዳት አይከብድም። ሰውነት የራሱ የተከላካይ መስመር አለው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ጉሮሮ ሲገባ ተከላካዮቹ ይወጡበታል። ችግሩ የባክቴሪያው ገጽታ ከልብ ቫልቭ ጋር መመሳሰሉ ነው፤ ማሊያቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል። በዚህ የተሳሳተው ተከላካይ የራሱን ቡድን ልጅ ይጠልፋል። ሐኪሞች ይህን ዓይነቱን ሕመም አውቶኢሚዩን ይሉታል። ሉፐስ፣ ሩማቶይድ አርትራይቲስና ዓይነት 1 የስኳር ሕመምም የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው።

የሊቨርፑል ደጋፊ ማርኩስ ባበልን አይረሳውም። ጀርመናዊው ተከላካይ እ.ኤ.አ. በ2001 ቀዮቹ አላቬስን 5 ለ 4 ባሸነፉበት የዩኤፋ ዋንጫ ፍጻሜ የመጀመሪያዋን ጎል ያገባ ሰው ነው። ወራት ሳይቆይ እግሮቹ ከዱት። ጊያን ባሬ የሚባለው ሕመም፣ ማለትም የገዛ መከላከያው ነርቮቹን ማጥቃቱ፣ ከሜዳ አውጥቶ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ አስቀመጠው። (በዚያው መከር አሠልጣኙ ጄራርድ ሁሊየርም በልብ ሕመም ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸዋል፤ አንፊልድ ያን ዓመት በሕክምና ዜና ነበር የከረመው።) ለዚህ ሕመም ሐኪሞች ደምን ከአጥቂዎቹ ፀረ እንግዳ አካላት ያጥባሉ ወይም ከሌሎች ሰዎች የተሰበሰበ ፀረ እንግዳ አካል በደም ሥር ይሰጣሉ። ባበል ተመልሶ ተጫውቷል፤ በ2007 ከስቱትጋርት ጋር የቡንደስሊጋ ሻምፒዮን ሆኗል።

የማንችስተር ዩናይትዱ ዳረን ፍሌቸር አንጀቱን በሚያቆስል፣ ኮላይቲስ በሚባል ሕመም ምክንያት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2011 ከሜዳ ራቀ። በዚህ ሕመም የመጀመሪያው ሙከራ የሰውነትን መከላከያ በመድኃኒት ማብረድ ነው፤ እሱ ግን በ2013 መጀመሪያ እስከ ቀዶ ጥገና ደርሷል። የቀድሞው የሪያል ማድሪድ ተጫዋች ናቾ ደግሞ በ12 ዓመቱ ዓይነት 1 ስኳር ተገኘበት። የእሱ ሕክምና ሌላ ነው። መከላከያው ያጠፋውን የኢንሱሊን ምንጭ መመለስ ስለማይቻል ኢንሱሊኑ ዕድሜ ልክ ከውጭ ይገባል። በ2018 የዓለም ዋንጫ ፖርቱጋል ላይ ያስቆጠራትን ጎል ያየ ሰው ሕመምተኛ ነው ብሎ አይጠረጥርም።

ሩማቲክ ትኩሳት ግን ከእነዚህ ሁሉ በአንድ ነገር ይለያል፤ ጠብ ጫሪው ይታወቃል። ባክቴሪያው በጊዜ ከተመታ ተከላካዩ የሚሳሳትበት አጋጣሚ አይፈጠርም። የጉሮሮ ሕመሙ የዚህ ባክቴሪያ መሆኑ ከታወቀ አንድ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ወይም የ10 ቀን እንክብል ይበቃል። እንጥል ማስቆረጥ ግን ባክቴሪያውን አይነካውም፤ ትርፉ መድማትና ቁስል ነው። ብርዱም ቢሆን ያለ ጥፋቱ ነው የሚከሰሰው። ባክቴሪያው ከልጅ ወደ ልጅ የሚዘለው በሳልና በትንፋሽ ነውና ደጋ ላይ ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ተጠጋግቶ ሲተኛ መንገዱ አጭር ይሆንለታል።

አንዴ የተያዘ ልጅ እንደገና ከተያዘ ቫልቩ ይበልጥ ይጎዳል። ስለዚህ ያው መርፌ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ለዓመታት ይቀጥላል፤ ልቡ ካልተነካ ቢያንስ 5 ዓመት፣ ከተነካ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ። መርፌው ያማል፣ ልጁም ደህና መስሎ ይታያል። ብዙው የሚያቋርጠው ለዚህ ነው። ጠበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ መርፌው ከጠበሉ ጋር አይጣላም።

ቫልቩ ከተበላሸ በኋላ ያለው መንገድ ረጅም ነው። ሩጫ ላይ ትንፋሽ ማጠር፣ ሌሊት ሳል፣ የእግር ማበጥ ይመጣል፤ መጨረሻው ቀዶ ጥገና ሊሆን ይችላል። ዶ/ር በላይ አበጋዝ ያቋቋሙት የኢትዮጵያ ሕፃናት የልብ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በጥቁር አንበሳ ግቢ የልብ ሕክምናውን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ከዚያ በፊት ልጆች ወደ ውጭ ነበር የሚላኩት። ከተከፈተ በኋላም ወረፋ የጠበቁት በሺዎች ይቆጠራሉ። ከላሊበላ አዲስ አበባ ደግሞ በመኪና ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ጦርነቱ ላስታ ሲደርስ እንደታየው ጤና ተቋም ሲዘረፍና መንገድ ሲዘጋ፣ ጥቁር አንበሳ ቀርቶ የወሩ መርፌም ይርቃል።

መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ የቀረው ቀኑን አለመርሳት ነው። ብዙ እናቶች በወር በዓል ይቆጥራሉ፤ ከማርያም እስከ ማርያም 30 ቀን ነው፣ አራት ሳምንት ግን 28። በበዓል የቆጠረ በየወሩ ሁለት ቀን ይዘገያል። የላሊበላ ገበያ ቅዳሜ ነው፤ ጤና ጣቢያው በዕለቱ መርፌ የሚሰጥ ከሆነ አራተኛው ቅዳሜ ሲመጣ ልጁን ይዞ መውረድ ነው፣ ካልሰጠም በቀጣዩ ሰኞ።