የጥንቱን ተረት እንደ ገና ስለሚተርኩ ጨለም ያሉ የወጣቶች ልብ ወለዶች

ባለፉት ጥቂት ዐሥርት ዓመታት በእንግሊዝኛ ቋንቋ ለወጣቶች ከሚጻፉት ልብ ወለዶች መካከል አንዱ ክፍል የጥንቱን የአውሮፓ ተረት እንደ ገና የሚተርክ ነው። በነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ደም ይፈሳል፤ ወላጅ በልጁ ላይ ይጨክናል፤ ጠንቋይቱም ስለ ራሷ ትናገራለች። ከዚህም የተነሣ ደራስያኑ ለሕፃናት የተነገረውን ንጹሕ ተረት አጨለሙት ተብለው ይወቀሳሉ። ወቀሳው ትክክል መሆን አለመሆኑን ለማወቅ፥ ተረቶቹ በጽሑፍ ከሰፈሩ ወዲህ ምን እንደ ደረሰባቸው መመርመር ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ በ1697 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ቀይ ቆብ የለበሰችውን ልጅ ተኩላው ከበላት በኋላ የሚያድናት የለም፤ ታሪኩ በዚያው ያበቃል። ከታሪኩም ቀጥሎ ደራሲው በግጥም ምክር ይሰጣል፤ ይኸውም አንደበታቸው የለሰለሰ ተኩላዎች ከሁሉ ይልቅ አደገኞች ስለ ሆኑ ልጃገረዶች ይጠንቀቁ የሚል ነው። የተኩላው ሆድ ተቀዶ ልጅቱ በሕይወት የምትወጣበትን አጨራረስ የምናገኘው በጀርመናውያኑ ወንድማማቾች በያኮብና በዊልሄልም ግሪም መጽሐፍ ነው።

ወንድማማቾቹ የተረት ስብስባቸውን የመጀመሪያ ቅጽ በ1812 ሲያሳትሙ ያኮብ 27፥ ዊልሄልም 26 ዓመቱ ነበረ። ሁለተኛው ቅጽ በ1815 ወጣ። ሥራው በመጀመሪያ ወደ ጥናት ያደላ ነበር። ወላጆች ለልጆቻቸው ሊያነቡት በፈለጉ ጊዜ ግን ዊልሄልም ከእትም ወደ እትም ያርመው ጀመር፤ እርማቱም ሰባተኛው እትም በ1857 እስኪወጣ ድረስ ቀጠለ።

እርማቱ ምን እንደሚመስል ጥቂት ምሳሌዎች ያስረዳሉ። በ1812 እትም ስኖው ኋይት እንድትገደል ያዘዘችው ንግሥት የገዛ እናቷ ነበረች፤ በ1819 እትም ግን የእንጀራ እናት ሆነች። ሐንሰልንና ግሬተልን ዱር ውስጥ ለመጣል የመከረችው እናትም በ1840 እትም እንዲሁ ወደ እንጀራ እናትነት ተለወጠች። ራፑንዜል በመጀመሪያው እትም ልብሷ ስለ ምን እንደ ጠበባት በየዋህነት ትጠይቃለች፤ መፀነሷም በዚህ ይታወቅባታል። በኋላ እትም ይህ ጥያቄ ወጥቶ፥ ጠንቋይቱ ስትጎተት ከንጉሡ ልጅ ይልቅ ለምን እንደምትከብድ የሚል ጥያቄ ገባ። በአንጻሩ ርግቦች የሲንደሬላን እኅቶች ዓይን የሚያወጡበት ቅጣት በ1819 እትም የተጨመረ ነው። እንግዲህ የተሰረዘው ጭካኔ ሁሉ አይደለም። የቤተ ሰቡ ነውር ተሸፈነ፤ የክፉዎቹ ቅጣት ግን ከበደ።

ይህ ለውጥ የተረቱን ትርጉም ይነካል። የሐንሰልና የግሬተል ታሪክ የሚጀምረው በአገር ላይ ራብ በመግባቱ ነው። ልጆቿን የምትጥለው ወላጅ እናት በሆነች ጊዜ፥ ተረቱ ራብ የእናትን አንጀት እንኳ ሊያስጨክን እንደሚችል ይናገራል። የእንጀራ እናት በሆነች ጊዜ ግን ጥፋቱ ከውጭ በመጣች ክፉ ሴት ላይ ይወድቃል፤ ራቡም ይረሳል።

ከአዲሶቹ ደራስያን መካከል የተሻሉት የሚመለሱት ወደዚህ ወደ ተሸፈነው ነገር ነው። አሜሪካዊቱ ዶና ጆ ናፖሊ በ1993 ባሳተመችው «ዘ ማጂክ ሰርክል» የሐንሰልንና የግሬተልን ታሪክ የምትተርከው ጠንቋይቱ ራሷ ናት። ይህች ሴት አስቀድሞ አዋላጅ ነበረች፤ አጋንንት አታልለው ገዟት። ሁለቱ ሕፃናት ወደ ቤቷ በመጡ ጊዜ አጋንንቱ ብሏቸው ይሏታል፤ እርሷ ግን ትወዳቸዋለች። እሳቱ ውስጥ መግባቷም ሽንፈት ሳይሆን ነጻ መውጫዋ ይሆናል። በ1996 በወጣው «ዜል» በተባለው መጽሐፏ ደግሞ ራፑንዜልን በግንብ የምትዘጋት እናት ልጇን እንዳታጣ የምትፈራ ሴት ናት፤ ግፏ ከፍቅሯ ይወለዳል። ጃክሰን ፒርስ በ2010 ባሳተመችው «ሲስተርስ ሬድ» የቀይ ቆቧ ልጅ ቦታ ለሁለት እኅትማማቾች ተሰጥቷል። ታላቂቱ ታናሿን ስትከላከል አንድ ዓይኗን በተኩላ አጥታለች፤ ካደገችም በኋላ አዳኝ እስኪደርስላት አትጠብቅም፤ መጥረቢያ ይዛ ራሷ ታድናለች።

በእርግጥ ለገበያ ሲሉ ደም ብቻ የሚጨምሩ መጻሕፍት አሉ። እነዚህን ከደኅናዎቹ ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ ይኸውም ጨለማው ተረቱ ሳይመልስ ያለፈውን ነገር ይመልሳልን? የሚል ነው። ናፖሊ «ጠንቋይቱ ከየት መጣች?» ለሚለው መልስ ትሰጣለች፤ ፒርስም «ከተኩላው የተረፈችው ልጅ በኋላ እንዴት ኖረች?» ለሚለው። ደም ብቻ የሚጨምረው መጽሐፍ ግን አንባቢውን ከማስደንገጥ አያልፍም።

ስለዚህ ደራስያኑ ተረቱን አጨለሙት ከማለት ይልቅ ጨለማው ቀድሞም ነበረ ማለት ይሻላል። ጃክ ዛይፕስ የ1812ቱንና የ1815ቱን ቅጾች በእንግሊዝኛ ተርጉሞ በ2014 ስላሳተማቸው፥ ልዩነቱን አስተያይቶ መረዳት ቀላል ሆኗል። ይህም ከየአገራችን ተረት ለምንሰበስብ ተማሪዎች ማስጠንቀቂያ ነው። ባልቴቲቱ «እናቲቱ ጣለችው» ብላ ስትነግረን፥ አፍረን «የእንጀራ እናቲቱ» ብለን የጻፍን እንደ ሆነ፥ የሚጠፋው አንድ ቃል ብቻ አይደለም፤ እናቲቱ ልጇን እንድትጥል ያስገደዳትም ነገር አብሮ ይጠፋል።